ሁለቱ ሜዲናዎችና ሰባት ቤት

ቅዳሜ ኦክቶበር 5 ቀን 1996፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከሩብ፣ ሲያትል አጠገብ ሬንተን በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ የልጅቷ አባት ለሦስታችን ሽማግሌዎች «አይሆንም» ብለው መለሱልን።

ሰዓቱን የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። ሽምግልና ሄዶ ማስታወሻ ደብተር ማውጣት ነውር ስለሆነ ወጥተን መኪናው ውስጥ እስክንገባ ጠብቄ ነው የጻፍኩት። ደብተሩ አሁንም አለኝ። የዚያ ሰሞን ዝናብ ጠርዙን አበላሽቶታል፤ ፊደሉ ግን ይነበባል። የሰው ስም አላነሳም፤ ከሰዎቹ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፣ የሞቱትም ልጆች አሏቸው። አንድ የቤተሰብ ስም ግን ጉዳዩ ራሱ ስለሆነ ልደብቀው አልችልም። ስሙ ሜዲና ነው።

ያኔ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ጋዜጠኛ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ሲያትል መጥቼ፣ ከከተማው በስተደቡብ ለሚታተም አንድ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ የምክር ቤት ስብሰባዎችን እዘግብ ነበር። የቱክዊላን የመንገድ ጥገና ክርክር እንደ እኔ በትዕግሥት ያዳመጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። በደቡብ ከቱክዊላ በሰሜን እስከ ማውንትሌክ ቴራስ ያለው አበሻ በሩቅም ቢሆን የሚተዋወቅበት ዘመን ነበር። ሰው ሲወልድም ሆነ ሲሞት ወሬው የሚደርሰን በቤት ስልክ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ የመልእክት መቀበያዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ካየሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ቁልፏን እጫን ነበር። ዛሬ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንዲያ ብዬ የምሮጥለት መልእክት ግን ትዝ አይለኝም።

የሽምግልናውም ጥያቄ የመጣው በዚያች ማሽን ነው። ልጅቷ የቤተሰቡ ታናሽ ናት። የምትፈልገው ልጅ የከተማው አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ሲያትል ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ግን ከፊሊፒንስ የመጡ ሰው ናቸው። የእምነቱ ነገር አስቀድሞ አልቋል። ልጁ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ተስማምቶ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። የታላቅ እህቷ ባልም፣ የሜክሲኮ ዘር ያለው የያኪማ ሸለቆ ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ገብቶ ነው ያገባት። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው። ልጁ የሚልከው አበሻ ስለሌለው እሷው እኛን ለመነችለት፦ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩትን አዛውንት፣ አንድ ባለሱቅና እኔን።

የሽምግልናን ደንብ የሚያውቁት አዛውንቱ ናቸው። በሩ ላይ ቆመን ቆየን፤ ግቡ ተባልን፣ ገባን፤ ተቀመጡ ተባልን፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። አዛውንቱ በሚያምር አነጋገር «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጠየቁ። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙ በኋላ የሚጠበቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦

«ልጁ የማን ልጅ ነው?»

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ፤ የልጁን ቤተሰብ የማውቀው እኔ ነኝ። መልሱ ቀላል ነበር። የአባቱን ስም፣ ቀጥሎ የአያቱን ስም መጥራት ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት የአሜሪካ ቅጽ ስሞላ ኖሬያለሁ፤ እነሱ «የመጨረሻ ስም» የሚሉትን እንደ ቤት፣ እንደ ዘር መቁጠር ለምጃለሁ። ስለዚህ በትልቅ ክብር፣ «የሜዲና ቤት ልጅ ነው» አልኩ።

አባትየው ቀና አሉ።

«ሜዲና? የትልቋ ባልስ? እሱም ሜዲና አይደለም እንዴ?»

የትልቋን ባል ሁላችንም የምንጠራው በመጀመሪያ ስሙ ነው፤ ነገሩን አገናኝቶ ያየ ከእኛ መካከል አልነበረም። አባትየው ግን ትልቋ ልጃቸው ቤት እስክትገዛ ድረስ በዚያ ስም የሚመጣላትን ደብዳቤ ሲቀበሉ ኖረዋል። በዚያ ላይ ሥራቸው ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ስለሆነ፣ ከሐይቁ ማዶ ሜዲና የምትባለውን የሀብታሞች ከተማ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይረግጧታል። ስሙ ከአእምሯቸው የሚጠፋ አይደለም።

በተወለዱበት በቡልጋ ሁለት እህትማማቾች ለአንድ ዘር አይሰጡም። ጋብቻ ራሱ ዝምድና ነው፤ የእህት ባል ወንድም ወንድም ነው፣ የአጎቱም ልጅ እንደዚያው። አባትየው ይህን በዝግታ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ አስረዱን። አዛውንቱ አንደኛው የሜክሲኮ፣ ሌላኛው የፊሊፒንስ ዘር መሆኑን፣ በመካከላቸውም ትልቅ ውቅያኖስ እንዳለ ለማስረዳት ሞከሩ።

«እኔስ ቡልጋ ተወልጄ ሬንተን አይደለሁም እንዴ?» አሉ አባትየው። «ሰው ይሄዳል። ደሙ ግን ያው ነው። አይሆንም።»

የቀረበልን ሻይ ሳይነካ ወጣን። መኪናው ውስጥ አዛውንቱ ቀበቷቸውን እያሰሩ፣ «አንተ ልጅ፣ አባቱን ሲጠይቁህ ስም ነገርካቸው» አሉኝ። ባለሱቁ ከኋላ ሆኖ፣ ጋዜጠኛ ይዞ ሽምግልና መሄድ ዝናብ ይዞ ድግስ መሄድ ነው አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሳላጣራ ተናግሬያለሁ።

በማግሥቱ ልጅቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔና እሱ እኮ ጆክ እናደርግበት ነበር። ስልክ ደብተሩን ይክፈቱት፣ ስንት ሜዲና አለ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው?»

ለአባቷም ይህንኑ ብላቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። ብላቸዋለች። የሰጧት መልስ፣ የጉራጌ ሰውም ብዙ ነው፣ ብዛቱ ዘመድ አለመሆኑን አያሳይም የሚል ነበር። ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ሶ፣ ምን ላድርግ? አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም። እሱንም ትቼ ሌላ አላገባም። ኮርት ሄደን እንፈርም ይለኛል፤ አልችልም ጋሼ።»

ሠርጉ የታሰበው ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። የቀረው አራት ወር አይሞላም።

ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር፦ ስሙ እውነተኛው ምክንያት ነው ወይስ ሰበብ? ረቡዕ ዕለት ከሥራ በፊት ኤርፖርቱ አጠገብ ሻትሎቹ የሚቆሙበት ቦታ ሄድኩ። አባትየው የፊት መስታወታቸውን በጋዜጣ እየወለወሉ ነበር፤ የእኛ ጋዜጣ ነበር። ቀጥታ ጠየቅኳቸው። ይህ የዘር ነገር ቢጠራ፣ ቀጥሎ ሌላ ምክንያት ይመጣል ወይ?

መወልወላቸውን አቆሙ።

«ሌላ የለኝም። ልጁን እወደዋለሁ። ይቺን መኪና ሁለት ጊዜ አስነስቶልኛል። ግን ነገ የሁለቱ ልጆቼ ልጆች ዘመዳቸውን እንዴት ይጥሩ? እኔ ሳላጣራ ሰጥቼ ልሙት? ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ። አንተ ጋዜጠኛ ነህ። አረጋግጫለሁ ካልከኝ አምንሃለሁ።»

የንስሐ አባታቸውም ሲጠየቁ ተመሳሳይ ነገር ተናግረዋል፦ ዝምድና ከሌለ እንቅፋት የለም፤ ካለ ግን ማንም ሊፈታው አይችልም፤ ማጣራት የሽማግሌ ሥራ ነው። ዞሮ ዞሮ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። በሙያዬ ብዙ ሰው «ይህን አጣራልኝ» ብሎኛል። መልሱን ይዘው የልጃቸውን ሕይወት ሊወስኑ የጠበቁኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

የጀመርኩት ከመሀል ከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ አፍርሰው በቦታው ሌላ ሠርተዋል። አዲሱ ያምራል ይላሉ፣ እውነትም ያምራል። እኔ ግን የምናፍቀው የአሮጌውን ምንጣፍ ነው፤ ከዝናብ የገባ ሰው ሁሉ የረገጠውን፣ እርጥብ ሱፍ ሱፍ የሚሸተውን። የማይክሮፊልሙ ማሽን ሲሽከረከር የሚያሰማውን ድምፅም እናፍቃለሁ። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጉዳዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለሠርግ ነው?» አሉኝ፤ አዎ ስላቸው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መጽሐፍ ሲያመላልሱልኝ ዋሉ።

በሦስት ቅዳሜዎች ያገኘሁት ይህ ነው። ሜዲና የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ከተማ ማለት ነው። ስፔንን ሙስሊሞች ይገዙ በነበረበት ዘመን ብዙ ከተሞች በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላም ስሙ ቀርቷል። ከእነዚያ ከተሞች ከአንዱ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሰው «የሜዲናው» ይባላል። ልጆቹም ይህንኑ ይወርሳሉ። ከተሞቹ ብዙ ስለሆኑ፣ ከእያንዳንዳቸው የወጣውም ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ስሙ እዚያው ስፔን ውስጥ እንኳ የአንድ ቤት ሆኖ አያውቅም። ሜክሲኮ የገባው ከስፔን በመጡ ሰፋሪዎች ነው፤ ሲጠመቁ የቄሱን ወይም የጌታቸውን ስም የተቀበሉ የአገሩ ሰዎችም ነበሩ። ፊሊፒንስ የገባው ግን በሌላ መንገድ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የስፔኑ አገረ ገዢ፣ የቤተሰብ ስም የሌላቸው ሰዎች ለግብር አሰባሰብና ለሕዝብ ቆጠራ አስቸገሩን ብሎ፣ በፊደል ተራ የተደረደረ የስም መዝገብ አሳትሞ በየአውራጃው አደለ። ሰዉ ከዚያ መዝገብ ስም እየወሰደ ተመዘገበ።

ይህን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ ምንጮቹን ከሥር ዘርዝሬ ለአባትየው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መጀመሪያ ያስገረማቸው፣ እኛ ዋና ከተማ ስንል የምንጠራው ቃል እዚያም መድረሱ ነው። «እንግዲህ ትልቁ አማቼ መዲና፣ ትንሹም መዲና፤ እኔ ብቻ ነኝ ባላገር» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ግን ይሄ የሚናገረው ስለ ስሙ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሰዎቹ ነው።»

ልክ ነበሩ። አዲስ አበባ የነበረው አለቃዬም ጽሑፌን እንዲሁ አጣጥፎ ነበር የሚመልስልኝ።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ከትልቋ ባል ጋር ተራራውን ተሻግረን ያኪማ ሸለቆ ወረድን። እሱ በነገሩ ተጨንቆ ነበር፤ የሚስቱ እህት በእሱ ስም ምክንያት ሳታገባ መቅረቷ ነው። ከእሱም ይልቅ ስም ቀይር ቢሉኝስ የሚለው ያሳሰበው ይመስለኛል፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሴት አያቱ የፖም መልቀሚያ መሰላል የተደገፈበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ባላቸው፣ የባላቸው አባት፣ አያት እያሉ የሜዲናዎቹን ወንዶች አምስት ድረስ ቆጠሩ፤ ሁሉም የተወለዱት ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ መንደር ነው። ስድስተኛውን ስጠይቃቸው አሰቡ አሰቡና፣ «ከዚያ ወዲያ የማውቀው የፈረሱን ስም ብቻ ነው» አሉ። የፈረሱን ስም ጻፍኩት። አንድ ከረጢት ፖም ሰጡኝ። በአንድ በኩል አምስት ቤት አለኝ ማለት ነው፤ የዘመድነትም ሆነ የዘመድ አለመሆን ማስረጃ አልነበረም።

ዋናው ነገር የነበረው ግን የልጁ አባት በሚኖሩበት የሲያትል ሰፈር፣ ቢከን ሂል ነው። የልጁ አባት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ በወጣትነታቸው ሲያትል መጥተው፣ በየበጋው አላስካ እየሄዱ የሳልሞን ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። የሳልሞኑ ቢላዋ የቆረጣት የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጫፍ የላትም። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ሻይ ቀዱልኝና ማንም እስከ ዛሬ ይህን እንዳልጠየቃቸው ነገሩኝ። ሴት ልጅ ሊሰጥ ያለ ሰው ይህን ባይጠይቅ ነበር የሚገርማቸው።

ከዚያ ቆጠሩ። ከአባታቸው አንድ ብለው ጀምረው አራተኛው ላይ ሲደርሱ፣ ማለትም ከራሳቸው ጋር አምስተኛው ላይ፣ ቆሙና ታሪኩን ነገሩኝ። ስሙን የተቀበለው ያ ሰው ነው። የመንደራቸው ሹም ከመዝገቡ የተቀደዱ ገጾች ይዞ መጣ፤ የየቤቱ አባወራ ተሰልፎ ከገጹ ላይ አንድ አንድ ስም ወሰደ። የደረሳቸው ገጽ የአንድ ፊደል ገጽ ስለነበር፣ በመንደራቸው ዛሬም የጎረቤቱ ሁሉ ስም የሚጀምረው በዚያው ፊደል ነው። የእሳቸው ሰው የወሰደው ሜዲና የሚለውን ነው። ከስፔን ሰው ጋር በደምም ሆነ በጋብቻ አይገናኝም፤ ስፓንኛም አይናገርም ነበር።

ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ከመጽሐፉም ጋር ይስማማል። ግን የአንድ ሰው ቃል ነው፣ ያውም የባለጉዳዩ። ይህን ስነግራቸው ቅር አላላቸውም። አብረን ለመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ደብዳቤ ጻፍን። ኦክቶበር ሳያልቅ ባስበው ኖሮ ባልተጨነቅኩ ነበር፤ የተላከው ግን ኖቬምበር 12 ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኔን እየከፈትኩ መዝጋት ሆነ። ልጅቷ በሳምንት አንድ ጊዜ ትደውላለች፤ ምን አዲስ ነገር አለ ብላ አትጠይቅም፣ ስለ ዝናቡ አውርታ ትዘጋለች። አባትየው በቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። የልጅቷ እናት ሠርግ የሚባለውን ቃል ከአፋቸው አውጥተው እንደማያውቁ ሰማሁ፤ ቅመሙን ግን እያስፈጩ ነበር።

መልሱ የደረሰኝ ጃንዋሪ 8 ቀን 1997፣ በገና ማግሥት ነው። ውስጡ የጥምቀት መዝገብ ገጽ ቅጂና የቄሱ አጭር ደብዳቤ ነበር። የተጠማቂው ስም አለ፤ የአባቱ ስም አለ፤ የአባቱ አባት ስም አለ። ሦስቱም የክርስትና ስሞች ብቻ ናቸው። ከገጹ ዳር፣ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ ኋላ የተጨመረ ማስታወሻ አለ፦ ይህ ሰው በመንግሥት ትእዛዝ ሜዲና የሚለውን ስም ተቀብሏል።

ቅዳሜ ጃንዋሪ 11፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሬንተን ሄድን። በዚህ ጊዜ የልጁ አባት አብረውን ነበሩ። የልጅቷ አባት በጆሮዬ ልስማ ስላሉ ነው። የልጁ አባት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው አሥረው፣ መንገዱን ሁሉ በከንፈራቸው ሲቆጥሩ ነበር። በሩ ላይ ቆምን፤ እሳቸውም ከእኛ ጋር ቆሙ። ለምን እንደምንቆም አልጠየቁም።

ሁለቱ አባቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ መሀል ሆኜ አስተረጎምኩ። የልጁ አባት አንድ በአንድ ጠሩ፤ አዛውንቱ በጣታቸው ያዙ። ራሳቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ስለ ሰልፉና ስለ ገጾቹ ተናገሩ። ስተረጉም ለነገሩ የሚመጥን ቃል ፈልጌ፣ «ስሙ የደረሳቸው እንደ ቀበሌ ስኳር ነው፤ ተሰልፈው» አልኩ።

አባትየው ወዲያው ገባቸው። «ካርድ ነበራቸው?» ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። ሰውዬው አሰቡና፣ ካርድ ያኔ እንዳልነበረ፣ ግብር መክፈያው ግን ከዚያ በኋላ መምጣቱን መለሱ። «አዎ፣ እሱ መቼ ይቀራል» አሉ አባትየው።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ተጠሩ። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ያረጋገጥኩትንና ያላረጋገጥኩትን ለይቼ ተናገርኩ። ከሁለት እስከ አራት ያሉትን የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ብቻ ነው። አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው በጽሑፍ አሉ። ከአምስተኛው በላይ ሜዲና የሚባል ሰው የለም። የያኪማዎቹ ሜዲናዎች እስከ አምስተኛ ቤት በቃል ተቆጥረዋል፤ አንዳቸውም ፊሊፒንስን አልረገጡም።

አባትየው ቅጂውን ረጅም ጊዜ አዩት። ስፓንኛውን አያነቡትም፤ ጣታቸውን ግን ከዳር በተጻፈው ማስታወሻ ላይ አሳለፉ። ያን ጊዜ የልጁ አባት ወደ እኔ ዘንበል ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልተርጉመው አልተርጉመው አመነታሁ። ጥያቄ ጥያቄ ነው፤ ተረጎምኩት።

«የእርስዎንም መስማት እፈልጋለሁ ይላሉ። ሰባቱን።»

ባለሱቁ ሳል ያዘው። አባትየው ግን አልተቆጡም፤ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ጀመሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን በድምፅ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ቆጠሩ። አራት። አምስት። ስድስተኛው ላይ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ከስድስተኛው በኋላ ቆሙ። ጣሪያውን አዩ። አዛውንቱ ስድስት ጣት ዘርግተው ይጠብቃሉ። የቡልጋው ሰው፣ ሦስት ወር ሙሉ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ ሲሉ የከረሙት፣ ሰባተኛው ጠፋባቸው።

ከወጥ ቤቱ በር እናትየው ተናገሩ። ከመጣን ጀምሮ እዚያ እንደቆሙ አላወቅንም።

«ልንገርህ?» አሉ። «እኔን ልትወስድ ሽማግሌ ስትልክ የቆጠሩልህን ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ።»

ስሙን ጠሩት። አባትየው ግንባራቸውን መታ አደረጉ። «እሱ ነው» አሉ በዝቅተኛ ድምፅ፤ አዛውንቱም ሰባተኛ ጣታቸውን ዘረጉ። ስተረጉምላቸው የልጁ አባት ከወንበራቸው ተነሥተው ለእናትየው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ደብተሬ ላይ የለም። የማስታውሰው የልጁ አባት ታዲያ የእናንተ የቤተሰብ ስም ማን ነው ብለው መጠየቃቸውን ነው።

«የለንም» አሉ አባትየው። «እኛ ዘንድ ሰልፉ አልደረሰም።»

ሰውዬው ትርጉሙ ሲደርሳቸው እስኪያለቅሱ ሳቁ። አባትየው አብረው አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ አዛውንቱ ዞሩ።

«ሰምቻለሁ። በቃኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ልጅቷ መኝታ ክፍል ነበረች። ማንም አልጠራትም፤ በሩ ተከፈተ። ስትወጣ አባቷ እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ ትከሻዋን ይዘው አስነሷት። ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ በኋላም አልጠየቅኩም። ጠረጴዛው ላይ ምግብ ሲቀርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን ሳንነካው የወጣነው ሻይ ዓይነት ሳይሆን፣ ሁለት ጊዜ የተጨመረልን ምሳ ነበር።

የልጁ አባት ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቢከን ሂል ዐረፉ። አዛውንቱም ዛሬ የሉም። ሻትሎቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሆቴል ተሠርቶበታል፤ ሳልፍ ዓይኔ አሁንም መስታወት የሚወለውል ሰው ይፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድን ነገር ለማወቅ ሦስት ቅዳሜ፣ አንድ ተራራና ሁለት ወር የሚሆን የፖስታ ጥበቃ ያስፈልግ ነበር። መጠበቁ ያኔ ይከብደኝ ነበር።

ሠርጉ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ተፈጸመ። በጋብቻው የምስክር ወረቀት ላይ፣ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ከሃያ፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል፦ የልጅቷ አባትና የትልቋ ባል።